ጫማ አውልቆ መግባት፦ በጣና ዳር የኮምፒውተር ክፍል ጥንቃቄ አጭር ታሪክ

(ባሕር ዳር ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ትምህርት፤ ከድምፅ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)

 

ዛሬ የማቀርበው የነገሥታት ወይም የጦር ሜዳ ታሪክ አይደለም። የአንድ ወረቀት ታሪክ ነው። ወረቀቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በኮምፒውተር ክፍል በር ላይ በፕላስተር ተለጥፎ፣ ጠርዙ ተጠቅልሎ፣ ቀለሙ ደብዝዞ አይታችሁታል። ጫማ አውልቃችሁ ግቡ ይላል። ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል። ያለ ፈቃድ ምንም ዕቃ አትንኩ ይላል። እኔ በዚህ ወረቀት ሥር ተምሬያለሁ፤ በዚህ ወረቀት ሥር ሠርቻለሁ፤ በኋላም በገዛ እጄ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አነሣሁበት፦ ይህ ወረቀት የሚጠብቀው ማንን ነው?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ወረቀቱ የሚጠብቀው ማሽኑን ነው። ማሽኑን ከሰው ስንጠብቅ ኖረናል፤ ሰውን ከማሽኑ መጠበቅን ግን ዘንግተናል። ይህ በማንም ክፋት የሆነ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ታሪኩን ካወቅን የትኛውን ሕግ ማቆየት፣ የትኛውን መለወጥ፣ የትኛውን አዲስ መጻፍ እንዳለብን ለመለየት እንችላለን።

ከጢስ ዓባይ የመጣው ኃይል

ነገሩን ከኤሌክትሪክ እንጀምር። ባሕር ዳር የኢንዱስትሪ ከተማ ለመሆን የተነሣችው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በተከታታይ በተሠሩ ሦስት ነገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ፣ 11 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው፣ ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው ጢስ ዓባይ 73 ሜጋ ዋት ይዞ የመጣው ከዚያ 37 ዓመታት በኋላ፣ በ2001 ነው።

ፖሊቴክኒኩ ያሠለጥን የነበረው በእርሻ መካኒክ፣ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ በኤሌክትሪክ፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረትና በእንጨት ሥራ ነው። እነዚህን ሙያዎች ልብ በሏቸው። መጋዝ ጣት ይቆርጣል። የሚሽከረከር ቀበቶ የነጠላ ጫፍ ይዞ ሰውን ይጎትታል። አሲድ ዓይን ያጠፋል። በእንዲህ ያለ ወርክሾፕ ውስጥ ጥንቃቄ ሲባል የሚታሰበው በመጀመሪያ ሰው ነው፤ ማሽኑ ብረት ነውና ራሱን ይጠብቃል። በሶቪየት የቴክኒክ ትምህርት ወግም ተማሪ ወርክሾፕ ከመግባቱ በፊት ስለ ደኅንነት ገለጻ ይደረግለትና መረዳቱን በመዝገብ ላይ በፊርማው ያረጋግጥ ነበር። ይህ ወግ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን በአእምሯችሁ ያዙት።

ብርቅ ዕቃ ሲመጣ

ኮምፒውተር የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ጣት አይቆርጥም፤ ነጠላ አይጎትትም። ጸጥ ያለ፣ ውድና ብርቅ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ሲገባ ብዙ ተማሪ አንዱን ማሽን ለሦስት ለአራት ከብቦ ይማር ነበር። ቢበላሽ የሚተካው ዕቃ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ስለዚህ የጥንቃቄው አቅጣጫ ተገለበጠ። ተበላሽ የተባለው ሰው ሳይሆን ማሽኑ ሆነ፤ አጥፊ ተብሎ የተፈራውም ማሽኑ ሳይሆን ሰው ሆነ።

በዚህ በሐይቁ ዙሪያ ብርቅን ዕቃ የመጠበቅ የቆየ ልማድ አለን። በክብራን ገብርኤል፣ በዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ከዘመን ዘመን የተሻገሩት በጠባቂዎቻቸው ጥንቃቄ ነው። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ይገባል፤ ማኅደሩ በማንገቻው ከግድግዳ ይንጠለጠላል፤ ርጥበትና አይጥ እንዳያገኙት ከመሬት ይርቃል። የሚያየውም የተፈቀደለት ብቻ ነው። እኛም ኮምፒውተሩን በጥልፍ ጨርቅ ሸፈንነው፤ መጋረጃ ዘጋንበት፤ ቁልፉን ለአንድ ሰው ሰጠን፤ ደጁ ላይ ጫማ አወለቅን። ሁለቱ ልማዶች አንዱ ከሌላው ተወለደ አልልም። አንድ ዓይነት ስሜት ግን አይባቸዋለሁ። ልዩነታቸውም አንድ ነው፦ ብራና አይነዝርም።

ጫማ የማውለቁ ሕግ ራሱ ከየት መጣ? ሥሩ በዓለም የኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ ይገኛል። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው የዲስክ ማስቀመጫ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝን ነበር፤ መረጃውም በ50 ትልልቅ የሚሽከረከሩ ዲስኮች ላይ ይጻፍ ነበር። አንባቢው ራስ ዲስኩን ሳይነካ በስሱ አየር ላይ ተንሳፎ ይጓዛል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ዲስኮቹ ከማሽኑ እየወጡ የሚገቡ ሆኑ፤ ስለዚህ ለክፍሉ አየር የተጋለጡ ነበሩ። አንድ የአቧራ ቅንጣት በራሱና በዲስኩ መካከል ከገባች የተጻፈው ሁሉ ይፋቃል። በዚያ ዘመን የኮምፒውተር ክፍል አየሩ የሚጣራ፣ ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ የሚገባበት ቦታ መሆኑ ምክንያት ነበረው።

በ1973 ግን ያው ድርጅት ዊንቸስተር በሚል ቅጽል የታወቀውን ዲስክ አወጣ። ዲስኩና ራሱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተዘጉ። በመካከላቸው የቀረው ክፍተት ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ሆነ፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር መሆኑን አስቡ። ከዚያ ወዲህ ለዲስኩ የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር በሣጥኑ ውስጥ ነው እንጂ በክፍሉ ውስጥ አይደለም። እኛ ጋ የደረሱት ኮምፒውተሮች ሁሉ ከዚህ በኋላ የተሠሩ ናቸው። የሕጉ ዋና ምክንያት ከእኛ በፊት ሞቶ ነበር፤ ሕጉ ግን ከማሽኑ ጋር ተጭኖ መጣ። አቧራ ዛሬም ጥሩ አይደለም፤ ማራገቢያውን ያፍናል፤ ሙቀት ያስቀራል። ይህን ግን መጥረጊያ፣ የእግር መጥረጊያ ምንጣፍና በየወቅቱ ማጽዳት ይመልሱታል።

የጥልፍ ጨርቁም እንዲሁ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲያድር ይጠቅማል፤ እየሠራ ሳለ ሲለብስ ግን ሙቀቱን ያፍነዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ቢዞር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ለአብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በሽቦና በሽቦ መካከል የሚተወው የደኅንነት ክፍተት የተሰላው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ባሕር ዳር ከዚህ በታች ብትሆንም ደብረ ታቦር፣ ጎንደርና ደብረ ማርቆስ ከዚያ በላይ ናቸው። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን የጥንቃቄ ጽሑፍ ስናነብ ለየትኛው አገር አየር እንደ ተጻፈ መጠየቅ አለብን።

ያን ቀን

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገና ወጣት ሳለሁ በአንድ የትምህርት ተቋም የኮምፒውተር ክፍል ረዳት ነበርሁ። ተቋሙን አልጠራም፤ በዚያ ዘመን ከሌሎቹ የተለየ አልነበረምና።

ወሩ ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ ሊሾውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው ገና አልደረቀም። እኔ እንደ ሕጉ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በካልሲ ገባሁ፤ ካልሲዬ ወዲያው ራሰ። የቆመ አንድ ማሽን ነበርና ልመለከተው ሄድሁ። ገመዱ በማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል፤ ሦስተኛው እግሩ፣ ማለትም የመሬት ሽቦው እግር፣ ሶኬቱ ውስጥ አልገባ ስላለ ከብዙ ጊዜ በፊት በፒንሳ ተቆርጧል። ሽፋኑ ወልቋል። ካቻቢቴዬን በቀኝ እጄ ይዤ በግራዬ የብረት ሣጥኑን ደገፍ አልሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። እጄ ብረቱን ጨብጦ አልለቅ አለ። መጮኽ ፈልጌ ድምፅ አልወጣኝም። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ ሊጎትተኝ እጁን ዘረጋ። እትዬ ግን "እንዳትነካው!" ብለው ጮኹበት፤ የመወልወያቸውንም ደረቅ እንጨት ገመዱ ሥር ሰደው ከሶኬቱ ነቀሉት። ማሽን እንዳይነኩ በወረቀት የተከለከሉት ሴት ናቸው ያዳኑኝ። ሁለት ጣቶቼ ተቃጥለው ነበር፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።

በማግሥቱ ቅጽ ቀረበልኝ። የዕቃው ዓይነት፣ መለያ ቁጥር፣ የግዥ ዋጋ፣ የደረሰው ጉዳት፣ የተጠያቂው ስም የሚሉ መስመሮች ነበሩት። ስለ እጄ የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የራሴ ነገር ነው። በፋሻ በተጠቀለለ እጄ ሞልቼ ፈረምሁ፤ ማሽኑን አበላሸሁ ብዬ አፈርሁ እንጂ ልሞት ነበር ብዬ አልተቆጣሁም።

ምን ሆኖ ነበር? በውስጥ ያለ አንድ የመስመር ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረቱን ነክቷል። የመሬት ሽቦ ቢኖር ኖሮ ኃይሉ በዚያ ወደ መሬት ሄዶ ፊውዙን ባቃጠለ ነበር። የመሬት ሽቦው ስለ ተቆረጠ ሣጥኑ 220 ቮልት ተሸክሞ ሰው ይጠብቅ ነበር። እርጥብ ቆዳ ያለው ሰው አካል ሬዚስታንስ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል፤ 220 ለ1,000 ሲካፈል 220 ሚሊ አምፒር ነው። ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፒር የሚሆነው እንኳ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። በኃይሉና በመሬቱ መካከል ሊቆም የሚችል አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱም የጫማዬ የላስቲክ ሶል ነው። እሱን ሕጉ በር ላይ አስወልቆኛል።

ብዙዎቻችሁ የኮምፒውተር ሣጥን ስትነኩ "ትንሽ ትነዝራለች" ስትሉ እሰማለሁ። ይህ በአብዛኛው ከፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ የሚመጣ አነስተኛ ፍሰት ነው፤ በራሱ ሰው አይገድል ይሆናል። ነገር ግን የመሬት ሽቦ የለም ማለት ነው። የዛሬው ቀላል ንዝረት የነገውን ከባድ አደጋ የሚከለክል ነገር አለመኖሩን ይነግራችኋል። ምልክት ነውና አትልመዱት።

ከሶኬት ቢነቀልም

ሌላው አደጋ ማሽኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ የሚቆየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 መጀመሪያ የሌይደኑ ፊዚሲስት ሙሸንብሩክ ኤሌክትሪክ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ሊያከማች ሲሞክር ክፉኛ ነዘረው፤ ሙከራውን ማንም እንዳይደግመው ለፓሪሱ ሳይንቲስት ለሬኦሚር ጻፈ። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ካፓሲተር የዚያ ጠርሙስ ዘር ነው። የ220 ቮልቱ መስመር ተቀይሮ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ በዚያ ይጠራቀማል፤ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። የድሮው ወፍራም ባለ መስታወት ሞኒተር ደግሞ እስከ 25,000 ቮልት ድረስ ይሸከማል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይና ሞኒተር የሚከፍት ሰው ለዚያ የሠለጠነ መሆን አለበት። ላልሠለጠነ ተማሪ "ተጠንቅቀህ ክፈት" ማለት በቂ አይደለም፤ "አትክፈት" ነው የሚባለው። የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ሙሉውን ይለወጣል።

አሁን በሌላ በኩል ያለውን እውነት ልጨምር፤ ማሽኑም ጥንቃቄ ይሻልና። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አየሩ ሲደርቅ፣ በናይለን ምንጣፍ ላይ በካልሲ የሚሄድ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ሰው ብልጭታውን የሚያውቀው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ አንዳንድ ቺፕ ግን ከ100 ቮልት ባነሰ ይጎዳል። እንግዲህ ጫማ አስወልቆ ምንጣፍ ላይ በካልሲ የሚያስኬደው ሕግ የሚጠብቀውን ማሽን ራሱን ይጎዳው ነበር ማለት ነው።

የዚህ መፍትሔ የእጅ አንጓ ማሰሪያው ነው። የሠራተኛውን አካል ከማሽኑ ሣጥን ጋር አገናኝቶ ስታቲኩን ያፈስሳል። ስለ ጥንቃቄ ታሪክ አንድ ዕቃ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ምክንያቱም በገመዱ ውስጥ 1 ሚሊዮን ኦም የሆነች ትንሽ ሬዚስተር ተቀብራለች፤ እሷ የተቀመጠችው ለማሽኑ አይደለም፤ ለሰው ነው። ሠራተኛው ሳያውቅ 220 ቮልት ቢነካ በገመዱ በኩል የሚያልፈው ፍሰት ከሩብ ሚሊ አምፒር በታች እንዲሆን ታደርጋለች። በአንድ ገመድ ሁለቱም ተጠብቀዋል። በየሱቁ ግን ባዶ የመዳብ ሽቦ እጃቸው ላይ ጠምጥመው ከብረት ጋር የሚያስሩ ጠጋኞች አይቻለሁ። እነሱ የማሽኑን ግማሽ ወስደው የራሳቸውን ግማሽ ጥለዋል። ትክክለኛው ማሰሪያም ቢሆን ኃይል ባለው ማሽንና በተከፈተ የድሮ ሞኒተር ላይ አይታሰርም።

ማሽኑ ከሞተ በኋላ

ጥንቃቄ ማሽኑ ሥራ ሲያቆም አያበቃም። በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከመዝገብ ያልወጡ ያረጁ ኮምፒውተሮች ተደራርበው ይገኛሉ። የወጡት ደግሞ በቆራሌው ጆንያ ውስጥ ናቸው። የድሮ ሞኒተር መስታወት በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ ይዟል፤ የድሮው ስታኞም እርሳስ አለበት። መዳብ ለማውጣት ገመድ የሚያቃጥለው ልጅ የሚተነፍሰው የላስቲክ ጭስ ነው። በዚህ ከተማ በጎርፍ የሚሄድ ነገር መጨረሻው ሐይቁና ዓባይ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር የሚቆጣጠረውን የባዝል ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 ወጥቷል። አዲስ አበባ አቃቂ ላይም ያረጁ ኮምፒውተሮች የሚፈቱበት ማዕከል ተቋቁሟል። ሰውን በተመለከተም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ደግሞ የጥንቃቄውን ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ኮምፒውተር ፈትቶ የሚማር ተማሪ ግን የሥራ ውል የለውም፤ ቆራሌውም የለውም። እነሱን የሚጠብቃቸው የእኛ የመምህራኑ ኅሊናና በር ላይ የምንለጥፈው ወረቀት ነው።

ወረቀቱን እንደገና ስለ መጻፍ

ስለዚህ ወረቀቱን አንቅደደው፤ እንደገና እንጻፈው እላለሁ። ደረቅና የላስቲክ ሶል ያለው ጫማ ተጫምታችሁ ግቡ ይበል። ሊሾው ሳይደርቅ ማንም ማሽን አይንካ ይበል። ሦስተኛ እግሩ የተቆረጠ ገመድ አይሰካም ይበል። የክፍሉ መስመር የመሬት ሽቦ ያለው መሆኑ በየዓመቱ ይፈተሽ፤ 30 ሚሊ አምፒር ሲያመልጥ ኃይሉን የሚቆርጠው መከላከያም ይገጠምለት። ማሽን የሚፈታ ሰው ብቻውን አይሁን፤ አብሮት ያለውም ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ ይወቅ። መብረቅ በሐይቁ ላይ ሲያጉረመርም ገመዶች ይነቀሉ፤ ይህን እናቶቻችን ለቴሌቪዥናቸው ሲያደርጉት ኖረዋል።

የጽዳት ሠራተኛዋም ከማስጠንቀቂያው ውጪ አትሁን። ገለጻው ለእሷም ይሰጥ፤ ዕውቀቷም ይጠየቅ። ያ የድሮው የወርክሾፕ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ይግባ፤ ተማሪው ገለጻውን ሰምቶ ይፈርም፤ መምህሩም መግለጹን ይፈርም።

ከሁሉ በፊት ግን ያ ቅጽ ይለወጥ። መለያ ቁጥሩም፣ ዋጋውም ይቆይ፤ የመንግሥት ንብረት ነውና መጠየቁ ተገቢ ነው። ከእነሱ ሁሉ በላይ ግን አንድ መስመር ይጨመርበት፦ የተጎዳ ሰው አለ ወይ? እኔ ያን ቀን ያጣሁት ይህን ጥያቄ ነው። ከእናንተ መካከል ነገ የክፍል ኃላፊ፣ የላቦራቶሪ ረዳት፣ ወይም የንብረት ክፍል ሠራተኛ የሚሆን አለ። ቅጹን የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁና መስመሩን አትርሱት።